ምክር ቤቱ «የአካባቢ ምርት ይገዛ» አለ፣ «ቤት ይስፋፋ»ም አለ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ወይስ ይጋጫሉ?

በርና መስኮት ሠሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የእንጨትና የብረት ወርክሾፕ አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የኩሽና ካቢኔት እንሠራለን። ከእኔ ጋር 9 ሰው አለ።

ባለፈው ሳምንት የከተማችን ምክር ቤት በአንድ ስብሰባ ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። አንደኛው የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲገዙ እዚሁ ለሚመረት ዕቃ ቅድሚያ ይስጡ የሚል ነው። ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ይስፋፋ፣ መሬት ይለቀቅ፣ የግንባታ ፈቃድም ይፍጠን ይላል። ስሰማ በጣም ነው የተደሰትኩት። ለሠራተኞቼም ማሽኑን አስቁሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሆዴን ቆረጠኝ። ምክንያቱም ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ የመንግሥት ሕንፃ 40 በር ሠርቼ አስረክቤ ነበር። በሮቹ ተገጠሙ፣ ሰው ገባበት፣ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ገንዘቡ እጄ የገባው ግን ከሰባት ወር በኋላ ነው። በዚያ መሃል ተበድሬ ደሞዝ ከፈልኩ፤ ያም ሆኖ ሁለት ጎበዝ ልጆች ጥለውኝ ሄዱ፤ አልፈረድኩባቸውም። አሁን «ቅድሚያ ይሰጣችኋል» ሲሉኝ ቅድሚያው ምን እንደሆነ በደንብ መረዳት እፈልጋለሁ። ትልልቆቹ ግንባታዎች የሚሰጡት ለትልልቅ ተቋራጮች ነው። እነሱ ደግሞ በሩን በኮንቴይነር ነው የሚያስመጡት። እኔ የት ጋ ነው የምገባው?

ሌላው ነገር፣ ሂሳብ የሚያውቅ አንድ ዘመዴ ሁለቱ ውሳኔዎች እርስ በርስ ይበላላሉ አለኝ። የአካባቢ ዕቃ ግዴታ ከሆነ ቤቱ ይወደዳል፣ ቤቱ ከተወደደ የሚሠራው ቤት ቁጥር ያንሳል ነው የሚለው። መልስ አጣሁለት። ሌላ ቦታ ይህን የሞከረ ከተማ የምታውቁ፣ ወይ ግዥና ግንባታ ውስጥ የሠራችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ። ሐሙስ ምክር ቤቱ ሕዝብ ያወያያል፤ ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም።

ግዥ ክፍል የነበርኩ፦

ወንድሜ፣ እኔ 14 ዓመት የመንግሥት ግዥ ላይ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ ከውስጥ የማውቀውን ልንገርህ።

«ቅድሚያ» የሚለው ቃል በጨረታ ሰነድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው በመቶኛ ነው። ለምሳሌ ለአካባቢ አምራች 10 በመቶ የዋጋ ማበረታቻ ይሰጥ ተባለ እንበል። ከውጭ የመጣው ተጫራች 100 ቢያቀርብና አንተ 108 ብታቀርብ አሸናፊው አንተ ነህ። 112 ካቀረብክ ግን አታሸንፍም። ሲነገር ትልቅ ነገር ይመስላል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ እንዳንተ ያለ ወርክሾፕ በዋጋ ተሸንፎ ሲወጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኞቹ የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ነው የሚወድቁት። የጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ ማስያዝ አይችሉም። ሰነዱ ያለፉት ሦስት ዓመታት የሥራ ልምድና ዓመታዊ የሥራ መጠን ይጠይቃል፣ እነሱ የላቸውም። ጨረታው ደግሞ 2,000 በር በአንድ ጥቅል ይላል፣ 200 የሚችል ሰው ምን ብሎ ይገባል? የመቶኛው ማበረታቻ የሚጠቅመው በሩን አልፎ ለገባ ነው። በሩ ላይ የቀረውን ማን አየው?

ስለዚህ ሐሙስ ስትሄድ መቶኛው ስንት ነው ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ጨረታው በሎት፣ ማለትም በትንንሽ ክፍል፣ ይከፋፈላል ወይ፣ ማስከበሪያው ለአነስተኛ አምራች ይቀንሳል ወይ፣ ቅድሚያ ክፍያ አለ ወይ፣ ዕቃ ከተረከባችሁ በስንት ቀን ትከፍላላችሁ ብለህ ጠይቅ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመርህ ደረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ፣ ካለፈ ወለድ እንዲታሰብባቸው አድርጓል። ይህ ለአነስተኛ አምራች ከማንኛውም ማበረታቻ የበለጠ ድጋፍ ነው። የአንተ ሰባት ወር እኮ ወለዱ ቢታሰብ ከትርፍህ በላይ ነው።

ሌላ ከተማ ላልከው፣ ፕሬስተንን አንብብ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለች ከተማ ናት። በ2011 ተስፋ የጣሉበት 700 ሚሊዮን ፓውንድ የተባለለት ትልቅ የገበያ ማዕከል ዕቅድ ፈረሰባቸው። ከዚያ ምክር ቤቱ ከውጭ የሚመጣ ባለሀብት መጠበቁን ትቶ ወደ ራሱ ኪስ አየ። የአውራጃውን ምክር ቤት፣ ፖሊሱን፣ ኮሌጆቹን፣ ቤት አከራይ ማኅበሩን ሰብስቦ ገንዘባችሁን የት ነው የምታጠፉት አላቸው። የመጀመሪያው ሥራ ይኼ ነበር፣ የክፍያ ደረሰኝ አገላብጦ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማወቅ። በ2012/13 ፕሬስተን ውስጥ የሚቀረው 5 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2016/17 ወደ 18.2 በመቶ አደገ። በዙሪያዋ ካለው የላንካሻየር አውራጃ ጋር ሲደመር ደግሞ ከ39 በመቶ ወደ 79.2 በመቶ ደረሰ።

ልብ በል፣ በጊዜው እዚያ ሕጉ «የእኛ ከተማ ሰው ነውና ይመረጥ» ማለትን አይፈቅድም ነበር። ያደረጉት ትልቁን ጨረታ መከፋፈል፣ ሰነዱን ማቅለል፣ ለአካባቢው አምራቾች ቀድሞ መንገር፣ በግምገማው ላይም የሥራ ዕድልና ሥልጠና ነጥብ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የትምህርት ቤት ምግብ አቅርቦቱን ሲከፋፍሉት በአንድ ጥቅል ሊገቡ የማይችሉ የአካባቢው አቅራቢዎች ገቡበት። አንድም ሰው ያለ ውድድር አልተሰጠውም። የተቀየረው የውድድሩ መጠን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ። «የአካባቢ ምርት» የሚለው ትርጉም በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ነገ የውጭ ኩባንያ አንድ ቢሮ ተከራይቶ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጸሐፊ አስቀምጦ፣ እኔም የአካባቢ ነኝ ብሎ ይመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መለኪያው የንግድ ፈቃዱ አድራሻ መሆን የለበትም። ዕቃው ላይ ሥራው የት ተሠራ፣ ደሞዙ ለማን ተከፈለ የሚለው ነው መታየት ያለበት።

ተከራይ ነኝ፦

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ከሌላኛው ወገን ሆኖ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

እኛ አራት ሰው ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የምንኖረው። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቤት ቀይረናል። አከራዩ ሲጨምር እንወጣለን። ልጄ በአምስት ዓመቷ ሦስት ሰፈር አውቃለች። ለእኔ የምክር ቤቱ ውሳኔ ማለት ሁለተኛው ነው፣ ቤት ይስፋፋ የሚለው። በሩ የት እንደተሠራ እኔን አያሳስበኝም። በር ያለው ቤት መኖሩ ነው የሚያሳስበኝ።

10 በመቶ ማበረታቻ ሲባል ያ 10 በመቶ ከሰማይ አይወርድም። ከተማው ከቤቱ በጀት ነው የሚያወጣው። በዕቃው ሁሉ ላይ እንዲህ ከተደረገ፣ የጉልበቱ ዋጋ ባይጨምር እንኳ፣ በ100 ቤት ገንዘብ 93 ወይም 94 ቤት ነው የሚሠራው። የጎደሉት ስድስቱ የማን ናቸው? የእኔና የእኔን መሰሎች ናቸው። ወርክሾፕ ያለው ሰው መሥሪያ ቤት ሄዶ ይጮኻል፣ ማኅበር አለው፣ ሐሙስ ስብሰባ ይመጣል። ቤት ያላገኘው ሰው ግን የትኛው ቤት እንደቀረበት እንኳ አያውቅም። የጎደለ ቤት ድምፅ የለውም። ስለዚህ ዘመድህ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

አትቀየመኝ ወንድሜ። የሰባት ወሩ ነገር በጣም አሳዝኖኛል። እንደዚያ መሆን አልነበረበትም።

በርና መስኮት ሠሪ፦

ኧረ ለምን እቀየማለሁ እህቴ። እኔም ተከራይቼ ነው ያደግኩት። እናቴ ዕቃችንን ሁልጊዜ በካርቶን ነበር የምታስቀምጠው፣ «ነገ ስለማይታወቅ» ትለን ነበር። ቁም ሣጥን መሥራት የተማርኩት ምናልባት ለዚያ ነው።

ያልሽው ስድስት ቤት እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ በር ሠርቼ ሌላው ቤት አጥቶ ከሆነ ይህን ሥራ አልፈልገውም። ግን በእርግጥ እንደዚያ ነው ወይ? የግንባታ ሰዎች ካላችሁ ግቡበት።

የግንባታ መሐንዲስ፦

እህታችን ያነሳችው ሥጋት እውነት ነው፤ ግን ሙሉ ሥዕሉ አይደለም። ማበረታቻው በዕቃው ሁሉ ላይ እኩል ከተጣለ ትክክል ናት። ጥያቄው የትኛው ዕቃ ላይ ነው የሚለው ነው።

ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። አንዱ ሲሚንቶ፣ የአርማታ ብረት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የመሳሰለው ነው። ይህን የሚያመርቱት ጥቂት ትልልቅ ፋብሪካዎች ናቸው። «ከአካባቢ ብቻ ግዙ» ብለህ ካሰርከው በአካባቢው ያለው አንድ ፋብሪካ ከሆነ ዋጋውን እሱ ይወስናል፣ ተፎካካሪ የለበትማ። ይህ ነው ቤት የሚያስወድደው። ሁለተኛው ዓይነት በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መከታ፣ ካቢኔት፣ ብሎኬት፣ የወለል ንጣፍ ነው። ይህን የሚሠራ ብዙ ወርክሾፕ በየከተማው አለ። ብዙ ስለሆኑ እርስ በርስ ይፎካከራሉ። ግዙፍና ለማጓጓዝ አስቸጋሪ ስለሆነም ቅርብ መሆን በራሱ የዋጋ ጥቅም አለው። ከሩቅ የመጣ መስታወት ሲሰበር ምትኩን ስንት ሳምንት እንደምንጠብቅ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ሕንፃ በ11 መስኮት ምክንያት ሁለት ወር ሳይረከብ ቆሞብኛል። ያ ሁለት ወር ዋጋ አለው፣ ማንም ግን በጨረታው ሂሳብ ውስጥ አያስገባውም።

ታዲያ የአካባቢው ወርክሾፕ ለምን ይወደዳል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእኛ የዲዛይነሮቹ ነው። በአንድ ሕንፃ ሥዕል ላይ 14 ዓይነት የበር ልክ አይቻለሁ። አንዱ 82 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ 85፣ አንዱ 87። ምክንያት የለውም፣ ሣይታሰብበት የተሣለ ነው። ወርክሾፑ ለእያንዳንዱ ልክ ማሽኑን እንደገና ያስተካክላል፣ ጣውላው ይባክናል፣ በብዛት ቆርጦ ማስቀመጥ አይችልም። የውጭው ፋብሪካ ርካሽ የሆነው አንድ ልክ በአሥር ሺህ ስለሚቆርጥ ነው።

እዚህ ላይ የፍራንክፈርት ታሪክ ደስ ይለኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1930 ይህች የጀርመን ከተማ ኤርነስት ማይ የሚባል አርክቴክት የግንባታ ኃላፊ አድርጋ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ10,000 በላይ ቤት አሠራች። ሰውዬው ከሠራቸው ነገሮች አንዱ የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የእጀታውን ልክ ለከተማው ሁሉ አንድ ማድረግ ነበር። የፍራንክፈርት ደረጃ ይሉታል። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 የነደፈችው ትንሽዬ ኩሽናም የዚሁ ሥራ አካል ናት። ካቢኔቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ በብዛት ተሠርቶ ወደ 10,000 ቤት ውስጥ ተገጠመ። አስቡት፣ አንድ ከተማ «በሚቀጥሉት ዓመታት የምሠራው ቤት በሙሉ በሩ ይህን ያህል ነው» ብሎ ሲያውጅ ለአምራቹ ምን ማለት እንደሆነ። ሥራ በሌለበት ወር እንኳ ሠርቶ መደርደር ይችላል። ባንክም ያምነዋል።

ስለዚህ ሁለቱን ውሳኔ የሚያጣብቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ ትልቁ ቤት ነው። የቤቱ ዕቅድ የአምስት ዓመት ከሆነና ልኩ ከታወቀ፣ የአካባቢው ወርክሾፕ ያለ ምንም መቶኛ ማበረታቻ ዋጋው ይወርዳል። ስድስቱ ቤት አይጎድልም።

ለጠያቂው ግን አንድ ቀጥተኛ ነገር ልንገርህ። ጥራት ላይ ሰበብ አይሠራም። እርጥበቱ ያልወጣ እንጨት ተሠርቶ ከተገጠመ በሦስተኛው ወር ይጣመማል፣ በሩ አይዘጋም። ከአካባቢ ወርክሾፕ የተረከብኩትን ሁለት ጊዜ መልሻለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ በእርጥበት ነው። የእንጨት ማድረቂያ ለአንድ ወርክሾፕ ውድ ነው። ለአሥር ወርክሾፕ በጋራ ግን አይደለም። ምክር ቤቱ በእርግጥ መደገፍ ከፈለገ ሰርተፊኬት ከሚያድል አንድ የጋራ ማድረቂያና አንድ መሞከሪያ ቦታ ይትከል።

ፕላን ላይ የምሠራ፦

ዘግይቼ ገባሁ፤ ግን ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። መሬት። እህታችን ቤት ያጣችው በበር ዋጋ አይደለም። የሚሠራበት ቦታ ስለሌለ ወይም ቦታው ላይ ከአንድ ቤት በላይ መሥራት ስለተከለከለ ነው።

ብዙ ከተማ ውስጥ በአንድ ይዞታ ላይ አንድ ቤት ብቻ የሚል ደንብ አለ። ኦክላንድ፣ ኒውዚላንድ፣ በ2016 (የእኔም ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ ፕላን አጽድቃ ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ በሚሆነው ላይ ተጨማሪ ቤት መሥራት ፈቀደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የግንባታ ፈቃድ ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ጭማሪው በብዛት የመጣው ደንቡ ከተቀየረባቸው ሰፈሮች ነው። አብዛኛው ተያይዞ የተሠራ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነበር። የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስም በታኅሣሥ 2018 ምክር ቤቷ 12 ለ 1 በሆነ ድምፅ በአንድ ይዞታ እስከ ሦስት ቤት የሚፈቅድ ፕላን አጽድቃለች። በኋላ የመኪና ማቆሚያ ግዴታውንም አንስታለች። ለመኪና ማቆሚያ የሚሄደው ቦታና ገንዘብ ቀላል አይምሰላችሁ።

ይህን የማነሳው ለወርክሾፑ ጉዳይም ስለሆነ ነው። 20 ፎቅ ሕንፃ የሚሠራው ማነው? ጥቂት ትልልቅ ተቋራጮች። እነሱ አንድ ቦታ 800 በር ይገዛሉ፣ በኮንቴይነር ማስመጣት ያዋጣቸዋል። ሦስት ወይም አራት ቤት በአንድ ይዞታ ላይ የሚሠራው ማነው? ትንሽ ገንቢ፣ አንዳንዴም ባለ ይዞታው ራሱ። እሱ 15 በር ነው የሚፈልገው። 15 በር በኮንቴይነር አያስመጣም፣ አንተ ጋ ነው የሚመጣው። ልክ ለመውሰድ በእግርህ ትሄድለታለህ። ደንቡ ለትናንሽ ግንባታ ከተከፈተ የአካባቢ ምርት ያለ ማንም ትእዛዝ ይሸጣል። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ ውሳኔዎች ለአካባቢ አምራች የበለጠ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው እላለሁ።

ከተማው ራሱ መሥራት የለበትም እያልኩ ግን አይደለም። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ገበያው ብቻውን አይሠራለትም። ቪየና በ1923 የቤት ግንባታ ግብር አወጣች፣ ትልቅና የቅንጦት ቤት ያለው በጣም ብዙ፣ ትንሽ ቤት ያለው በጣም ትንሽ የሚከፍልበት። በዚያና በሌላ የከተማዋ ገቢ እስከ 1934 ከ60,000 በላይ ቤት ሠራች። በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ ብቻ 1,382 ቤት ነበረው። ዛሬ ከተማዋ ወደ 220,000 የሚጠጋ የራሷ ቤት አላት። ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ በከተማዋ ቤት ወይም በድጎማ በተሠራ ቤት ይኖራል። ይህ የሆነው ምርጫ ሲመጣ ተጀምሮ ምርጫ ሲያልፍ ስላልቆመ ነው።

ተከራይ ነኝ፦

አሁን ትንሽ ተረጋጋሁ። መሐንዲሱ ያልከው ገብቶኛል። ሲሚንቶና ብረቱን ለውድድር ክፍት አድርጉ፣ በርና መስኮቱ ላይ ደግሞ ልክ አስተካክላችሁ ለአካባቢው ዕድል ስጡ ነው። እስማማለሁ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ከተማው ለእያንዳንዱ በር ስንት እንደከፈለና ገበያው ላይ ስንት እንደሆነ በየሦስት ወሩ ይለጠፍ። ልዩነቱ ከበዛ ጥያቄ እናነሳለን። ካልበዛ ደግሞ እኔም የአካባቢዬን ሰው ደግፌ እከራከራለሁ።

ፕላን ላይ ያለኸው፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሦስት ቤት በአንድ ይዞታ ሲፈቀድ እዚያ ይዞታ ላይ አሁን ተከራይቶ የሚኖረውስ? መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። እኔ ከአንዱ ቤት የወጣሁት አከራዩ አፍርሶ ሊሠራ ነው። አፈረሰ፣ ሠራ፣ እኔ ግን ወደዚያ ልመለስ የምችልበት ኪራይ አልነበረም።

ፕላን ላይ የምሠራ፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የኛ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። የፈቃድ ደንቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ለሚነሳው ተከራይ በቂ ጊዜና የመዘዋወሪያ ክፍያ፣ ቢቻል ደግሞ የመመለስ መብት። ተጨማሪ ቤት በጓሮ ወይም ባዶ ቦታ ላይ ለሚሠራ ሰው ፈቃዱ ቶሎ ይሰጠው፣ ሰው የሚኖርበትን ለሚያፈርስ ደግሞ ይጠበቅ። ይህን ሐሙስ መጥተሽ አንቺው ብትናገሪው ከእኔ ይልቅ ይሰማል። የባለሙያ ድምፅ እዚያ ቤት ሞልቷል።

በርና መስኮት ሠሪ፦

ትናንት ከሥራ በኋላ በአካባቢያችን ያሉ ወርክሾፖችን ዞሬ አናገርኩ። ሰባት ባለቤቶች ተስማሙ። ሁላችንም ተደምረን በወር ወደ 350 በር መሥራት እንችላለን፣ ልኩ አንድ ከሆነ። ልኩ የተለያየ ከሆነ 200 እንኳ አንደርስም። ይህን ቁጥር ከዚህ በፊት አስልቼው አላውቅም ነበር፤ መሐንዲሱ ናቸው ያስነሱብኝ፣ አመሰግናለሁ።

የእንጨት ማድረቂያውን ነገር ሳነሳ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ፤ ከ20 ዓመት በፊት እነሱም ይህንኑ ጠይቀው መልስ ሳያገኙ ቀርተዋል። ግን እንምጣ ብለዋል።

እርስዎን የግዥዋን እናታችንን አንድ ልጠይቅ። ሰባታችን በአንድ ላይ ተጫርተን መግባት እንችላለን? አንዱ ቢያጠፋስ ሌሎቻችን ምን እንሆናለን?

ግዥ ክፍል የነበርኩ፦

በጥምረት መጫረት ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። የሥራ ልምዳችሁም ዓመታዊ የሥራ መጠናችሁም ይደመርላችኋል፣ ለብቻህ የማትሞላውን መስፈርት ያኔ ትሞላለህ። ግን የጠየቅከው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። በጥምረት ውል አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊነቱ የጋራም የተናጠልም ነው። አንዱ ካላስረከበ ስድስታችሁ ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ ከከተማው ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት እርስ በርሳችሁ ተፈራረሙ። ማን ስንት ይሠራል፣ የተጣመመ በር ሲመለስ ማን ይተካል፣ ገንዘቡ በማን ሒሳብ ገብቶ በስንት ቀን ይከፋፈላል፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ወዳጅነታችሁን የሚያቆየው ይህ ወረቀት ነው።

ቋሚ ነገር ካሰባችሁ ደግሞ ኅብረት ሥራ ማኅበር የተሻለ ነው። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ በ2008 የተመሠረተው ኤቨርግሪን የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ አለ፤ ሀሳቡ በከተማዋ ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲ የሚገዙትን አገልግሎት በሠራተኞች ባለቤትነት የተያዙ ድርጅቶች እንዲያቀርቡ ነው። በልብስ አጠባ ነው የጀመሩት። ሆስፒታል በየቀኑ የሚታጠብ ልብስ አለው፣ ገዢው አይጠፋም። እናንተም የማይጠፋ ገዢ ነው የምትፈልጉት። የማዕቀፍ ስምምነት ጠይቁ። ዋጋው አንድ ጊዜ በውድድር ይወሰናል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት በየጊዜው እንደተፈለገው መጠን ይታዘዝላችኋል። በእያንዳንዱ ሕንፃ አዲስ ጨረታ ከመሮጥ ያድናችኋል። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ዋጋችሁ የሚስተካከልበት አንቀጽ መኖሩን ግን ሳታረጋግጡ እንዳትፈርሙ። ያለዚያ አንቀጽ ገብቶ ወርክሾፑን የዘጋ ሰው አውቃለሁ።

የግንባታ መሐንዲስ፦

350 በር በወር ማለት በአንድ ቤት አምስት በር ብንል 70 ቤት ነው። በዓመት 840 ቤት። ይህን ቁጥር በጽሑፍ ይዘህ ግባ። ምክር ቤት ውስጥ «እንችላለን» ብሎ ከሚል ሰው ቁጥር የያዘው ነው የሚሰማው። እኔም አብሬ እመጣለሁ፣ የበር ልክ ላይ አንድ ገጽ አዘጋጃለሁ። ሦስት ልክ ይበቃል፤ የመግቢያ፣ የክፍልና የመታጠቢያ ቤት።

ተከራይ ነኝ፦

እኔም እመጣለሁ። ልጄን የምይዝልኝ ሰው ካጣሁ ይዣት ነው የምመጣው።

ግዥ ክፍል የነበርኩ፦

ጥሩ። የጻፋችሁትን በሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱበትና ይዛችሁ ውጡ። መልሱ በስንት ቀን እንደሚሰጣችሁ እዚያው ጠይቁ፣ ቀኑንም ኮፒው ጀርባ ላይ ጻፉት። እኔ በጠዋት እዚያ ነኝ፣ በሩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ።